ወንበር የሌለበት እሑድ

ቦንቱ አሥር ዓመቷ ነው። በዚህ ዕድሜዋ ብዙ ነገር ገብቷታል። ያልገባት አንድ ነገር ቢኖር፣ ትልልቅ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ ባደረጉ ቁጥር የልጅ ጆሮ አብሮ የሚደፈን ለምን እንደሚመስላቸው ነው። ነገሩ እኮ ተቃራኒው ነው! ጮክ ብለው ቢያወሩ ማን ልብ ይላቸው ነበር? ሲያንሾካሽኩ ግን ልጅ ቀርቶ ድመትም ጆሮዋን ታቆማለች።

እቴቴ ሙሉብርሃን ደግሞ ሰሞኑን ማንሾካሾክ ጀምራለች። ይህ ያልተለመደ ነው። እቴቴ አዳማ ውስጥ የባጃጅ ሸራና ወንበር እየሰፋች የምትኖር፣ ድምፅዋ ከስፌት መኪናዋ በላይ የሚሰማ ሴት ናት። ቀጠሮ ያፈረሰ ሹፌር በስልክ ስትቆጣ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ምላጩን ከደንበኛው አንገት ላይ አንስቶ እስክትጨርስ ይጠብቃል። አሁን ግን ስልኳ ሲጠራ ከስፌት መኪናው ትነሳና ወደ ጓሮ ትሄዳለች። አንድ ቀን ቦንቱ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ፣ "እባክህ፣ ልጅቷ እንዳትሰማ" ስትል ሰማቻት።

"ልጅቷ እንዳትሰማ" የሚለውን ከመስማት የበለጠ ልጅን የሚያስፈራ ምን አለ?

ቦንቱ የእቴቴ የሥጋ ልጅ አይደለችም። እናቷ ሎሚና እቴቴ አንድ ክፍል ተከራይተው፣ በአንድ የስፌት መኪና ተራ በተራ እየሠሩ የኖሩ ጓደኛሞች ነበሩ። አባቷ የሞተው ገና ሳትራመድ ስለሆነ አታስታውሰውም። ሎሚ ታማ ስትሞት ቦንቱ አምስት ዓመቷ ነበር። ሎሚ "አደራ" አለች፤ እቴቴም አደራውን ተቀበለች፤ ነገሩ በዚሁ አለቀ። ቦንቱ ከዚያ ጊዜ የምታስታውሰው ብዙ የለም። አንድ ጠዋት ስትነቃ ቤቱ ጭጭ ማለቱን ግን አትረሳውም። የሚተነፍስ ሰው የሌለበት ቤት እንዴት ያለ ጸጥታ እንዳለው ታውቃለች። እቴቴ ስትተኛ ታንኮራፋለች፤ ማንኮራፋት ብቻ አይደለም፣ ማርሽ ትቀይራለች። ቦንቱ ግን በዚህ አማርራ አታውቅም። ለምን እንደማታማርርም ለማንም አልነገረችም።

የጓሮውን ስልክ ጉዳይ ያማከረችው ማርቲን ነው። ማርቲ የጎረቤት ልጅ ናት፤ ሰባተኛ ክፍል ከገባች ወዲህ የማታውቀው ነገር የለም።

"ግልጽ ነው" አለች ማርቲ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ። "ልታገባ ነው።"

"ማንን?"

"ማንን ትላለች እንዴ! ዓሣውን ነዋ!"

ዓሣው ጋሼ ኪሩ ነው። ከባቱ በበረዶ ሳጥን ዓሣ እያመጣ ለአዳማ ሆቴሎች የሚያስረክብ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው። አዳማ ውስጥ የወንድሙ ልጅ የሚነዳት አንዲት ባጃጅ አለችው። እንደዚያች ባጃጅ ወንበሯ ቶሎ ቶሎ የሚቀደድ ባጃጅ በከተማው አልታየም። ሊያሠራ በመጣ ቁጥር ሁለት ቆሮሶ ዓሣ በፌስታል አንጠልጥሎ ይመጣል። እቴቴም "ውይ፣ ምን አስቸገረህ ኪሩ" ትለዋለች፤ ለሌላ ሹፌር ወጥቶ በማያውቅ ድምፅ።

"ካገባች የት ነው የምትኖረው?" አለች ቦንቱ።

"ባቱ ነዋ! ዓሣው አዳማ ይኖራል እንዴ?"

"እኔስ?"

"ቡልቡላ አጎት የለሽም? ወደ እሱ ይልኩሽ ይሆናል" አለችና፣ የቦንቱን ፊት ስታይ ደንግጣ፣ "ግን ቡልቡላም ጥሩ ነው፤ በግ አለ" ብላ ጨመረች።

ቦንቱ አጎቷን ነጋሳን ያየችው በእናቷ ቀብር ላይ ነው። ያኔ እሱም ሰው ቤት የሚያድር ጎረምሳ ነበር። ከዚያ ወዲህ የምታውቀው በዓመት በዓል የሚደውል ድምፅ መሆኑን ብቻ ነው። በጎችን ደግሞ ከነአካቴው አትወድም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ እቴቴ ሸራ ልትገዛ አዲስ አበባ ሄዳ ሳለ፣ የግቢው በር ተንኳኳ። ቦንቱ ስትከፍት ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። ሦስቱም ጋቢ ለብሰዋል፣ ሦስቱም ከዘራ ይዘዋል። በአዳማ ሙቀት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያለ ምክንያት ጋቢ የሚለብስ ሰው እንደሌለ ቦንቱ ታውቃለች።

"አካም ጂርታ፣ ኢንታላ ኮ? እንደምን አለሽ ልጄ?" አሉ በመካከል ያሉት፣ ነጭ ሪዛም። "ሙሉብርሃን የምትባል ሴት ቤት ይኼ ነው?"

"ነው አባባ፤ ግን የለችም። ይግቡ፣ ይቀመጡ።" ጨዋ ልጅ ናትና ሮጣ ወንበር አመጣች።

"አንቀመጥም" አሉ ቀጭኑ ሽማግሌ፣ መነጽር ያደረጉት። "የመጣንበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም።"

"እውነት ነው" አሉ ሦስተኛው።

ከአጥሩ በላይ ብቅ ያለችው ማርቲ ዓይኗን አፍጥጣ በእጇ ቀለበት የማሰር ምልክት ታሳያለች። የማርቲ እህት ሜሪ ባለፈው ዓመት ስትታጭ እንዲሁ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ቆመው ለምነው፣ ቆመው ተመልሰው፣ እሺ የተባሉ ቀን ነው የተቀመጡት። በተቀመጡ በወሩ ሜሪ ተዳረች።

"አንቺ ቦንቱ ነሽ አይደል?" አሉ ሪዛሙ ትኩር ብለው እያዩዋት። ስማቸው አቶ አምባዬ ነበር። "እስቲ ንገሪን። ይህች የምታሳድግሽ ሴት እንዴት ያለች ሰው ናት?"

እንዲህ ያለ ዕድል በሰው እጅ የሚወድቀው ስንቴ ነው? ሙሽራ ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች ስለ ሙሽራይቱ ጠባይ የሚጠይቁት ቦንቱን ነው። ቦንቱ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ታንኮራፋለች" አለች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

"በጣም ነው የምታንኮራፋው። ጭስ ማውጫው እንደወለቀ ባጃጅ። ስኳር ትቆልፋለች። አንድ ሹፌር ደግሞ 'የሚሰፋ ወንድ የለም ወይ' ስላላት በመቀስ እስከ አስፋልቱ አባርራዋለች። ሽሮ ታሳርራለች። ከዚያ 'ጭስ ጭስ ያለው ነው የሚጣፍጠው' ትላለች።"

"እሺ" አሉ አቶ አምባዬ፣ ጺማቸው ውስጥ ፈገግታ ይሁን ሌላ ነገር ሳይለይ።

ነገሩ ቦንቱን አላማራትም። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ እውነት ግን ሽማግሌ አይመልስም። ስለዚህ አንድ ጨመረች።

"ትመታኛለች። በሜትር እንጨት።"

ባለ መነጽሩ፣ አቶ ዲበኩሉ፣ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበሩ። ግንባራቸው ተኮማተረ። "በሜትር እንጨት!" አሉ። "ይህ ቀላል ነገር አይደለም።"

"እውነት ነው" አሉ ሦስተኛው።

አዳማ የመጡት ለዘመድ ሰርግ እንደሆነና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተመልሰው እዚሁ እንደሚመጡ ነግረዋት ሄዱ። ቦንቱ በሩን ስትዘጋ ልቧ በኩራት ተሞልቶ ነበር።

ማምሻውን ቦንቱ "ሽማግሌዎች መጥተው ነበር፤ እሑድ ይመጣሉ" ስትላት፣ እቴቴ የያዘችው ሸራ ከእጇ ወደቀ። "ስንት ናቸው? ጋቢ ለብሰዋል?" አለች። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ቤት አጸዳች። የቦንቱን ፀጉር ቅንድቧ ወደ ላይ እስኪሳብ አጥብቃ ሹሩባ ሠራቻት። አዲስ ቀሚስም ገዛችላት።

"የምታገባው እሷ፣ ቀሚሱ ለኔ?" አለች ቦንቱ ለማርቲ።

"ሚዜ ነሻ!" አለች ማርቲ፤ መልስ አጥታ አታውቅም።

እዚህ ላይ ዝም ብሎ ማለፍ ያስቸግራል። ቤት ሲጠርጉ ከመዋል፣ ልጅቷን አጠገብ አስቀምጦ "ነገ የሚመጡት ሰዎች እንዲህና እንዲህ ሊሉ ነው" ማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? "ልጅ ናት፣ ትጨነቃለች" ይላሉ። ያልተነገራት ልጅ የማትጨነቅ ይመስል! ለልጅ እውነቱን ካልነገሩት የራሱን ይሠራል፤ የሚሠራው ደግሞ ሁልጊዜ ከእውነቱ የባሰ ነው። ቦንቱም የራሷን ሠርታ ጨርሳ ነበር፤ የቀራት ዘዴ ብቻ ነው።

ዘዴው የመጣላት እሑድ ጠዋት፣ እቴቴ ቤተ ክርስቲያን ሳለች ነው። ሽማግሌ ከተቀመጠ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ካልተቀመጠ አላለቀም። ስለዚህ ወንበር ከሌለስ?

የፕላስቲክ ወንበሮቹ፣ አግዳሚው፣ በርጩማዎቹ፣ አንድ በአንድ በአጥር ላይ ወደ ማርቲ ግቢ ተሻገሩ። ማርቲ ከወዲያ ማዶ እየተቀበለች፣ "አንቺ፣ ጉድ እኮ ነሽ!" እያለች ታደንቃታለች።

እቴቴ ነጠላዋን ሳታወልቅ ገብታ ባዶውን ሳሎን ስታይ ሌባ የገባ መሰላት። "ቦንቱ! ወንበሮቹስ?" ከማለቷ በሩ ተንኳኳ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ገቡ። ከኋላቸው ጋሼ ኪሩ ኮት ለብሶ፣ ፌስታሉን አንጠልጥሎ፣ ጎንበስ ብሎ ገባ። ቦንቱ ኮቱን ስታይ የመጨረሻ ተስፋዋ ተነነ።

"እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ተቀመጡ" አለች እቴቴ በልማድ፣ ባዶውን ወለል እያሳየች።

"ጉዳያችን መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም" አሉ አቶ ዲበኩሉ።

"ጥሩ!" አለች ቦንቱ።

ሁሉም ዞረው አዩዋት።

አቶ አምባዬ ከዘራቸውን ተደግፈው ጀመሩ። "የመጣነው ከቡልቡላ ነው። የላከን ነጋሳ ነው፣ የዚች ልጅ አጎት። ያኔ ልጅ ነበር፣ ቤትም አልነበረውም። ዛሬ አግብቷል፤ ሽንኩርት ያለማል፤ ልጆችም ወልዷል። ገበያ ላይ ሰው 'የወንድምህ ልጅ የት ናት?' ሲለው አንገቱን ይደፋል። በስልክ ብትለመኚ እንቢ አልሽ። ስለዚህ እኛ ቆመን እንለምንሻለን። ልጃችንን ስጪን።"

ልጃችንን። ሊጠይቁ የመጡት እሷን ነው! የጓሮው ስልክ ነጋሳ ነው። አዲሱ ቀሚስ...

እቴቴ ድምፅዋን አላነሳችም። ይህ ከሁሉ በላይ አስፈራ። "አባቶቼ" አለች፣ "ሎሚ እጄን ይዛ አደራ ያለችኝ እኔን ነው። የጎደለባት ነገር ካለ ንገሩኝ። ኪሩንም የጠራሁት ምስክር እንዲሆነኝ ነው።"

"እንነግርሻለን" አሉ አቶ ዲበኩሉ መነጽራቸውን እያስተካከሉ። "እኔ እንኳ ነገሩን በለዘብታ ልይዘው ነበር። ግን ከልጅቷ ከራሷ አፍ ሰምተናል። በሜትር እንጨት ትመቺያታለሽ።"

"እውነት ነው" አሉ ሦስተኛው።

እቴቴ ወደ ቦንቱ ዞረች። ቦንቱ ቁጣዋን ታውቃለች፤ ቁጣ ቢሆን በቀለላት። ይህ ግን ሌላ ነበር። ያቺ ድምፀ ጎርናና ሴት በቀጭን ድምፅ፣ "ቦንቱ... እኔ?" አለች።

"ውሸት ነው!" ብላ ጮኸች ቦንቱ። "ውሸቴን ነው! መትታኝ አታውቅም!"

"ፈርታ ይሆናል" አሉ አቶ ዲበኩሉ። "ልጅ አሳዳጊው ፊት ሲሆን ቃሉን ይለውጣል። ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ።"

"አልፈራሁም! ጋሼ ኪሩን ልታገባ መስሎኝ ነው! እናንተ የሱ ሽማግሌ መስላችሁኝ ነው! እንድትጠሏት ብዬ ነው!"

ከጋሼ ኪሩ እጅ ፌስታሉ ወደቀ። ሁለቱ ቆሮሶዎች ወለሉ ላይ ተንሸራተው ከአቶ ዲበኩሉ ጫማ አጠገብ ቆሙ። ጋሼ ኪሩ ሊያነሳቸው ጎንበስ አለ፤ ሲነሳ ጆሮው እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር። እቴቴ ወደ ጣሪያው ታያለች።

"እንግዲያው" አሉ አቶ አምባዬ፣ "ያንን የሜትር እንጨት አምጪልኝ።"

"የለም አባባ። ኖሮንም አያውቅም። እሷ በስንዝር ነው የምትለካው።"

አቶ አምባዬ በዓይናቸው የሥራ ክፍሉን ቃኙ። መቀስ፣ ክር፣ የሸራ ጥቅል። እንጨት የለም።

"ሌላውስ ውሸት ነው? ማንኮራፋቱ?"

"እሱ እውነት ነው።"

"ምን?" አለች እቴቴ።

"ስኳር መቆለፉስ?"

"እውነት ነው።"

"በመቀስ ማባረሩ?"

"እስከ አስፋልቱ ነው አባባ። ጫማውን ጥሎ ነው የሮጠው።"

"ሽሮውስ?"

"ሽሮውን ጋሼ ኪሩም ያውቃል። 'ይጣፍጣል' ብሎ ሁለት ጣሳ ውሃ ጠጥቷል።"

"እኔ ነኝ የማንኮራፋው?" እቴቴ ድምፅዋ ተመለሰላት፤ ከማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ምላጩን ሳያነሳ አልቀረም። "ለእንግዳ ሰው! በራሴ ቤት! ስኳሩን የምቆልፈው ማን እየላሰው ሆነና ነው!"

አቶ አምባዬ ሳቃቸውን ሊይዙ ሞክረው አልቻሉም። ጋቢያቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሳቁ ሲበርድላቸው አንድ ነገር ገባቸውና ፊታቸው ተለወጠ። ከቡልቡላ ድረስ መጥተዋል፤ ነጋሳም በስልክ ለምኗል፤ አጎት፣ አደራ፣ የገበያ ሐሜት፣ ሁሉንም መዝነዋል። የሚወሰደው በግ ቢሆን እንኳ ጥርሱ ይታያል። ልጅቷን ግን ማንም አልጠየቃትም።

"ኢንታላ ኮ" አሉ ጎንበስ ብለው። "አንቺ የት መኖር ነው የምትፈልጊው?"

"እዚህ።"

"እያንኮራፋች?"

ቦንቱ የአዲሱን ቀሚሷን ጫፍ ጠመዘዘች። "ስታንኮራፋ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ" አለች። "ዝም ስትል ነው የምነቃው። እስክትጀምር ድረስ አልተኛም።"

ሦስተኛው ሽማግሌ "እውነት..." ብለው ጀምረው ተዉት።

እቴቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። "ነጋሳ ክፉ ሰው አይደለም" አለች። "የደወለልኝ በትሕትና ነው። ለእረፍት እንኳ ትምጣ ሲለኝ እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ያጎቷን ልጆች ካየች፣ ዘመድ የሞላበት ቤት ከለመደች፣ ወደዚች ጠባብ ቤት አትመለስም ብዬ... ፈራሁ።"

ቦንቱ አፏን ከፍታ አየቻት። እቴቴ ትፈራለች? ሹፌር በመቀስ የምታባርር ሴት?

"እንዲህ ከሆነ" አሉ አቶ አምባዬ፣ "ልጅቷ እዚሁ ትደግ። ትምህርት ሲዘጋ ግን ቡልቡላ ትምጣ፤ ወገኖቿን ትወቅ። ነጋሳን ለኔ ተዉት፤ የላከኝ ሊሰማኝ ነው። ሙሉብርሃን፣ ምን ትያለሽ?"

"ራሴ ይዣት እመጣለሁ" አለች እቴቴ። "ከፈለገች።"

"በግ ካላስጠበቁኝ" አለች ቦንቱ።

"መምህር?" አሉ አቶ አምባዬ ወደ ባለ መነጽሩ ዞረው።

አቶ ዲበኩሉ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "ልጅቷ ልትቀጣ ይገባት ነበር" አሉ። "ግን በምን? እንጨት የለም።"

"በሉ እንግዲህ አሁን እንቀመጥ" አሉ አቶ አምባዬ። ቆመው ጉልበታቸው ዝሎ ነበር። ዞር ዞር ቢሉ ግን የሚቀመጡበት የለም። ቦንቱ ማርቲ ግቢ ያሉትን ወንበሮች አስባ መሬት መሬቱን አየች። እቴቴ ደግሞ ቦንቱን አየቻት፤ ሁሉንም ነገር የተረዳች ትመስላለች።

"ኪሩ፣ እስቲ እነዚያን ወንበሮች አውጣልኝ" አለች።

ለሹፌሮች የተሠሩት የባጃጅ ወንበሮች፣ ቀይ ሌዘር ለብሰው፣ ዳርና ዳራቸው በወርቅማ ክር ተጠልፎ፣ ሳሎኑ መሐል ተደረደሩ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው፣ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ወንበሩ ዝቅ ያለ ነውና ጉልበታቸው እስከ አገጫቸው ደረሰ። አቶ ዲበኩሉ ልነሳ ብለው ሞከሩ፤ አልሆነም። ያን ጊዜ ከ"እውነት ነው" በቀር ቃል ያልወጣቸው ሦስተኛው ሽማግሌ ቀና ብለው፣

"ወራጅ አለ!" አሉ።

እቴቴ እንዲያ ስትስቅ ቦንቱ ሰምታ አታውቅም። ማርቲ ሳቁን ሰምታ አጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ "እሺ አለች እንዴ? ወንበሮቹን ልመልስ?" ብላ ጮኸች።

ዓሣው ተጠብሶ ተበላ። ሽማግሌዎቹን እጃቸውን ስበው አስነስተው ሸኟቸው። በመጨረሻ ጋሼ ኪሩ ባዶ ፌስታሉን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና በሩ ላይ ቆመ። እቴቴ ከውስጥ ሳህን እያጠበች እንዳትሰማ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ቦንቱ... ለመሆኑ አንድ ቀን እውነተኛ ሽማግሌ ቢመጣስ?"

ቦንቱ አሰበችበት። ባቱን አሰበች፤ ሐይቁን፣ ዓሣውን፣ የዛሬውን የእቴቴን ሳቅ። ከዚያ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ቁርጥ እንደ እቴቴ፣

"ይምጣ" አለች። "ግን መጀመሪያ እኔን ነው የሚጠይቀው። እሺ ካላልኩ ወንበር አላወጣም።"

ሳህን የሚታጠብበት ድምፅ ቆሞ ነበር።